የስለት ጽድ

መስቀል ካለፈ በኋላ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቱ አንድ ወጣት መምህር ቤቴ ድረስ መጥቶ ደብተርና እስክርቢቶ ሰጠኝ። «አያ ሞላ፣ የእንጨት ቤት ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች የሚያስፈልገውን መሣሪያ፣ የጥንቱንም የዘመኑንም፣ ይጻፉልን። አንድ ገጽ ይበቃል» አለ። ሥራ ካቆመ ሽማግሌ አንድ ገጽ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ገና ብዙ ይማራል።

እኔን ሥራ ያስቆመኝ ትከሻዬ ነው። ትከሻዬ ባያስቆመኝም ዘመኑ ያስቆመኝ ነበር። ላሊበላ ላይ ዛሬ የሚሠራው ቤት ሁሉ ጣራው ብረት ነው፤ ልጆቹ ጥቁር መነጽር አጥልቀው በእሳት ያጣብቁታል። አልቀናም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ብረት ልኩን ከያዘ ያዘ ነው። እንጨት ግን ከተቆረጠ በኋላም ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይዞራል፤ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ይህ ያልገባው ሰው መጥረቢያ ባይነካ ይሻላል። እኔ ገብቶኝ ሳለ ነው የበደልኩት፤ ለዚህ ነው አንድ ገጽ የማይበቃኝ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ከሠፈራ ወደ ላስታ ስመለስ የአባቴ መሬት ለሌላ ተደልድሎ ጠበቀኝ። እናቴ ከብልባላ ወዲያ ማዶ ወደሚኖሩት ወደ አያ ፈንታው ወሰደችኝና «ይኸን ልጅ እጁን ያስፈቱልኝ» አለቻቸው። ልጅ አልነበርኩም፤ ጢም አብቅዬ ነበር። አያ ፈንታው በዚያ አገር ቤት የሚያቆሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዋቅሩ አናጺ ነበሩ። እጄን አገላብጠው አዩና «እርፍ የያዘ እጅ ነው፤ መጥረቢያ ሳይከፋው አይቀርም» አሉ።

መሣሪያቸው በአንድ ስልቻ ይገባል። አንድ መጥረቢያ፣ ሰፊና ጠባብ ሦስት መሮ፣ ከወይራ የተጠረበ የእንጨት መዶሻ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ በክር የታሰረ ድቡልቡል ድንጋይ። ድንጋዩ ቱምቢያቸው ነው፤ አንጠልጥለው ቋሚው ቀጥ ማለቱን ያዩበታል። ገመዱን በተፈጨ ከሰልና በውኃ ይነክሩታል፤ እኔ አንዱን ጫፍ ስይዝ እሳቸው ሌላውን ወጥረው መሐሉን በጣታቸው ስበው ሲለቁት፣ ግንዱ ላይ ጥቁር መስመር ጧ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ መስመር ላይ ሳይወጡ በመጥረቢያ ብቻ እየጠረቡ የሚያወጡት ጠፍጣፋ ገጽ መላጊያ የነካው ይመስላል። የወይራው መዶሻ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ብረት በብረት ስትመታ የሚሰማህ ብረቱ ነው። በእንጨት ስትመታ የሚሰማህ የምትወጋው እንጨት ነው» አሉኝ። ስለ ምን እንደሚያወሩ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ልማዳቸው ብዙ ነበር፤ አንዳንዱ ያስቆጣኝ ነበር። መጥረቢያ መሬት አያስተኙም፤ መሬት ያስተኛሁ ዕለት ምሳ አብሬያቸው አልበላም። ዛፍ ሳይቆረጥ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ የቅርፊቱን ስንጥቅ እያዩ። ስንጥቁ ከሥር እስከ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ከወጣ እንጨቱ የዋህ ነው። እንደ ተገመደ ገመድ እየዞረ ከወጣ፣ ይልቁንም ወደ ግራ ከዞረ፣ «ይኸ ተቆርጦም ይዞራል፤ ሸክም አታሸክመው» ይላሉ። ጠርቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እኔ አንዱን ጫፍ ኳ ኳ ሳደርግ እሳቸው በሌላው ጫፍ ጆሯቸውን ደግነው ይሰማሉ። ጣራው አልቆ ክዳን ከለበሰ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ከሥሩ ይቀመጣሉ። ፀሐይ ጣራውን ሲመታው እንጨቱ ምን እንደሚል መስማት ነው ሥራቸው። ሰው «አያ ፈንታው አረጁ» ብሎ ይስቃል፤ እሳቸው ግን ካልሰሙ አይነሡም።

አንድ ጊዜ በእግራችን ይምርሐነ ክርስቶስ ወሰዱኝ። ተሳልመን ስንገባ እኔ ሥዕሉን ሳይ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ሥዕሉን ሁሉም ያየዋል። አንተ እንጨቱ ከእንጨት የሚጨባበጥበትን እይ» አሉኝ። አንዱ ጠርብ ለሌላው ቦታ ቆርጦ ሰጥቶት ተቃቅፈው ይኖራሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አናጺነት የችግር ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኮራሁበት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ የስለት እንጨትን ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሰው የሚሳለው ገንዘብ ወይም ጃንጥላ ብቻ አይደለም። «ከብቴ ከበሽታ ቢተርፍ፣ ምጧ ቢቀልላት፣ ከጓሮዬ አንድ ዛፍ አገባለሁ» ብሎ ይሳላል። ዛፉ ተቆርጦ በሰው ትከሻ፣ በእልልታ ይመጣል። አናጺ «ይኸ እንጨት አይሆንም» ቢል የተመለሰው እንጨት አይደለም፤ ስለቱ ነው። ባለስለቱ «ምን በድዬ ነው ያልተቀበለኝ?» እያለ ሲጨነቅ ይኖራል። አያ ፈንታው ለዚህ መላ ነበራቸው። የማይሆን የስለት እንጨት የመጣ ዕለት ዞር ዞር ብለው ያዩትና «ይኸማ የበር መቃን ነው የሚሆነው! የመጣው ሁሉ የሚሳለመው እሱን አይደል?» ይላሉ። ባለቤቱ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መቃን ደግሞ ግድግዳ አቅፎት ስለሚኖር፣ ቢጣመም በሩ እምቢ ይላል እንጂ ሰው አይጎዳም። ለብቻችን ስንሆን «ስለት የታቦት ነው፤ ሸክም የእንጨት ነው» ይሉኝ ነበር።

ከእሳቸው ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቼ ወደ ፍላቂት ወጣሁ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በየቦታው ይሠራ ነበር፤ ደመወዙም በየወሩ ነው። የግንባታው አለቃ ጩኸታም ሰው ነበር፤ ግን ጥሩ አስተማረኝ። ሜትር፣ ማዕዘን የሚለካ እስኳድራ፣ በመስታወት ውስጥ አረፋ የምትዋልልበት ውኃ ልክ፣ ጥርሱ የተሳለ መጋዝ፣ የእጅ መሰርሰሪያ። የዘመኑን መሣሪያ የሚያጣጥል ሽማግሌ ሲገጥማችሁ አትስሙት። እስኳድራ አይሳሳትም፤ ዓይን ግን ጠዋትና ማታ ይለያያል። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጣራ የሚሸከመውን አጽም፣ ካፕርያታ የምንለውን፣ በልክ ማውጣት የተማርኩት እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፍቅር የያዘኝ ከብሎን ጋር ነው። አያ ፈንታው ሁለት እንጨት ለማጋጠም በመሮ ቀዳዳ ፈልፍለው፣ ምላስ አውጥተው፣ በደረቅ የወይራ ችንካር ሲያሥሩ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። እኔ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ብሎን እከታለሁ፣ ዳዶውን አጠብቃለሁ፤ አለቀ። «ከእንግዲህ እንጨት አያመልጠኝም» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

የድንበሩ ጦርነት ባበቃ በማግሥቱ ዓመት የአገራችን ደብር የሣር ክዳኑን አፍርሶ ባለ አራት ማዕዘን፣ ባለ ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጽ ተነሣ። አያ ፈንታው ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ለሥራ አይወጡም ነበር። ቄሰ ገበዙ ፍላቂት ድረስ ልከው አስጠሩኝ። የመጀመሪያው የራሴ ሥራ ነው፤ ባገሬ፣ በዘመዶቼ ፊት። አምስት ካፕርያታ ያስፈልጋል። አራቱን አግዳሚ ከደብሩ ጫካ በፈቃድ ከተቆረጠና ሁለት ዓመት ከደረቀ ጽድ አወጣሁ። አግዳሚ ማለት ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋው ነው። ቁልቁል የሚወርዱት ወጋግራዎች እግራቸውን እሱ ላይ ተክለው ወደ ውጭ ይገፉታል፤ እሱ አንቆ ይይዛቸዋል። እሱ ከለቀቀ ጣራው ለቀቀ ማለት ነው።

አምስተኛው የእትዬ ዘውዴ ነበር።

እትዬ ዘውዴ ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ደምሴ ጦርነት ሄዶ ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ ጠፍቶ፣ ሙት ነው ሲባል አንድ ቀን በእግሩ መጣ። እናቱ ተስለው ነበር፤ ልጃቸው ከተመለሰ ጓሯቸው ያለውን ትልቁን ጽድ ለደብሩ ሊያገቡ። ዛፉን ቆሞ ሳለ ሄጄ አየሁት። ግንዱ ወፍራም፣ ቁመቱ መለሎ፣ ውብ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ግን ከሥር እስከ ላይ ይዞራል። ወደ ግራ ነው የሚዞረው።

«መቃን ይሁን» እንዳልል፣ በሩ ከወልድያ የመጣ የብረት በር ነበር፤ መቃኑም ብረት። የአያ ፈንታው መላ ገና ግድግዳው ሲቆም ተዘግቶብኛል። እዚያው ጓሮ ቆሜ አፌን ለመክፈት ስሞክር እትዬ ዘውዴ ክንዴን ያዙኝ።

«ሞላዬ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ቦታ አድርግልኝ። ኸሴቶች መቆሚያ በላይ። እሱን እንዳየሁ ልጄ እንዳለ አውቃለሁ።»

«እትዬ፣ እርጥብ ነው እኮ፤ ሌላ ቦታ…»

«ሌላ ቦታ አትበለኝ! ጣል ያደረግኸው እንደሁ ልጄን ጣል እንዳደረግኸው ነው የምቆጥረው።»

ደምሴ አጠገባቸው ቆሞ እያፈረ ይስቃል። ቄሰ ገበዙ «ስለት እኮ አይመለስም ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። ሠላሳ ሰው ገመድ ይዞ ይጠብቃል። እኔም «እሺ» አልኩ። በልቤ ያልኩትን ግን ልንገራችሁ፤ «ብሎን ይይዘዋል» ነው ያልኩት። ደግ ለመባል ፈለግኩ፤ ብሎኔንም ተማመንኩ። ከሁለቱ የቱ እንደባሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንጨቱ በእልልታ መጣ፤ ጠረብኩት፤ ጫፍና ጫፉን በስቼ ሁለት ሁለት ብሎን አሠርኩ፤ ከሴቶች መቆሚያ በላይ ወጣ። አያ ፈንታው በበቅሎ መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጠሩኝ።

«ያ በእልልታ የመጣው የማን ነው?»

«የእትዬ ዘውዴ የስለት ነው።»

«ቅርፊቱ እንዴት ነበር?»

አላዩኝም፤ ማየት አይችሉም። «ደህና ነው፤ ቀጥ ያለ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ቀጥፌያለሁ፤ ማየት ለማይችል መምህሬ የዋሸሁት ግን ያ ብቻ ነው።

ከወር በኋላ ቆርቆሮው ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው ከጣራው ሥር ሊውሉ መጡ። በርጩማ ተደረገላቸው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትጠነክር ቆርቆሮው መንጠቅጠቅ ጀመረ፤ እሱ ያለ ነው። ከዚያ መሐል ግን አንድ ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ጭርርር የሚል፣ መጣ። አያ ፈንታው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ያ ምንድን ነው?»

«እርጥብ እንጨት ነው አያ፤ ሲደርቅ ነው።»

«እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ያቃስታል። ይኸ ጥርሱን እያፋጨ ነው።»

ከዚያ በርጩማቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አናጺው አንተ ነህ። እሱ ኸመናገሩ በፊት አንተ ተናገር» አሉኝ።

ዓመታዊው ንግሥ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሕዝቡ ገና ወደ አዲሱ ቤት አልገባም፤ የሚገባው የዚያን ዕለት ነው። በማግሥቱ መሰላል ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በምሥራቅ በኩል ባለው ጫፍ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው የሚሄድ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘሁ። እንጨቱ እየደረቀ ወደ ግራ ሊዞር ይፈልጋል፤ ብሎኑ አላዞርም ይለዋል። የወይራ ችንካር ቢሆን ኖሮ አብሮት ትንሽ ፈቅ ይል ነበር። ብረት ፈቅ አይልም፤ ስለዚህ የሚሰጠው እንጨቱ ነው። ይህን ሁሉ እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳለሁ አወቅሁት።

ከጧፍ ላይ ሰም ቆርሼ በስንጥቁ ላይ ለጠፍኩ። ስንጥቁ ከቆመ ሰሙ ይኖራል፤ ከሄደ ሰሙ ይቀደዳል። በማግሥቱ ስመጣ ሰሙ ለሁለት ተከፍሏል። ሌላ ለጠፍኩ። እሱም ተከፈለ። ብሎኑን አጠበቅሁት፤ ባሰበት። በየቀኑ ሰው ሳያየኝ እየወጣሁ ሰም እለጥፋለሁ፤ በየቀኑ ተቀድዶ አገኘዋለሁ። መሰላል ይዤ ያየኝ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «ላስተካክል ነው» እላለሁ። እንጀራ አልወርድ አለኝ። ሚስቴ «ኸምኑ ታመምክ?» ስትለኝ ተቆጣኋት። ሁለት ጊዜ እስከ እትዬ ዘውዴ በር ሄጄ ተመልሻለሁ። አንዱን ጊዜ በር ላይ አግኝተውኝ «ሞላዬ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ትናንት በመስኮት አየሁት፤ እንዴት ያምራል!» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ሽታው ለእኔ ይሰማኛል።

ለቄሰ ገበዙ ግማሹን ነገርኳቸው። «ይፍቱኝ አባ፤ ያ እንጨት ትንሽ ሠግቶኛል» አልኩ። «ንግሡ ይለፍ፤ እስከዚያ ድጋፍ አቁምበት» አሉኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ? ‹ትንሽ› ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ንግሡ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወፍራም የባሕር ዛፍ ቋሚና የወይራ ሽብልቅ ይዤ ገባሁ። አሳቤ ቋሚውን ከአግዳሚው ሥር አቁሜ፣ ከግርጌው ሽብልቅ መትቼ ላስጨንቀው ነበር። እትዬ ዘውዴና ሌሎች ሴቶች ደጅ ላይ ለጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ይለቅማሉ። ደምሴ ቋሚውን ስጎትት አይቶ ሮጦ መጣ።

«አያ ሞላ፣ ለብቻህ? ወዲህ በል። ምን ሁኖ ነው?»

«ምንም አይዶል። ሕዝብ ስለሚበዛ ለጥንቃቄ ነው።»

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። «ደምሴ፣ ስንጥቅ አለው፣ ከሥሩ አትቁም» ማለት ስንት ቃል ነው? እሱ ግን በሁለት እጁ ቋሚውን አቅፎ በቀጥታ ከእናቱ እንጨት ሥር ቆመ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሽብልቁን መታሁ። አንድ። ሁለት። ከላይ ሰም ሲረግፍ እጄ ላይ ወረደ። መዶሻውን ማቆም ሲገባኝ ሦስተኛውን መታሁ።

ጥይት የተተኮሰ ነው የመሰለኝ። ደምሴ ወታደር ነበር፤ ከእኔ በፊት ነቃ። በእግሩ ገፍትሮ ግድግዳው ሥር ጣለኝ። የምሥራቁ ጫፍ ከነብሎኑ ተተርትሮ፣ ወጋግራው ተንሸራቶ፣ አግዳሚው በአንድ ጫፉ ወረደ። የደምሴን ቀኝ ትከሻ መታው፤ ክንዱም እንጨቱ ሥር ተያዘ። አቧራው ሳይረጋ እትዬ ዘውዴ ገቡ። አልጮኹም። ለአራት ሰው የሚከብደውን እንጨት ብቻቸውን ሊያነሡ ጀርባቸውን ከሥሩ ከተቱ። ከዚያ ሌሎቹ ደረሱና አነሣነው።

በቃሬዛ ላሊበላ ወሰድነው። መንገዱን ሁሉ ቃሬዛውን ለማንም አልለቅም ብዬ ተሸከምኩ። እትዬ ዘውዴ ከጎን ከጎን ይሄዳሉ፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ አላዩኝምም። ደምሴ ከሕመሙ መሐል «አያ ሞላ፣ አብሽር» አለኝ። አብሽር የሚባለው እሱ ሆኖ ሳለ። ክንዱ ተጠገነ፤ ግን ከትከሻው በላይ አይነሣም፤ ቀኝ እጁ ጅራፍ አያጮኽም። ንግሡ በድንኳን ተከበረ።

እንጨቱን አወረድኩ፤ ሌላ ደረቅ ጽድ ተካሁ፤ በመሮ ፈልፍዬ፣ በወይራ ችንካር አሠርኩ። በደረቁ ላይ ብሎንም ጨመርኩ፤ ጥፋቱ የብሎን አልነበረምና። አንድም ሰው በድለሃል አላለኝም። ሁሉም «የእግዜር ቁጣ ነው፣ የስለቱ ነገር ነው» ይላል። ሰው ለራሱ ጥፋት ታቦት መሸፈኛ ሲደረግለት ማየት ከስድብ ይከብዳል። አያ ፈንታው ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ቅርፊቱን፣ ውሸቴን፣ ሰሙን።

«ለሷ ነገርካት?» አሉ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ ሰምቼዋለሁ።» ቀጥለውም «ሰምቼም ዝም ብያለሁ። ሽማግሌ ጥራ» አሉ።

በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በደጅ ይንበረከካል። ሽማግሌዎች ድንጋይ ሲሰጡኝ አያ ፈንታው እጃቸውን ዘርግተው «የኔስ?» አሉ። ሊከለክሏቸው ሞከሩ፤ ተቆጡ። ሁለታችን፣ እኔና ማየት የማይችሉት መምህሬ፣ በእትዬ ዘውዴ ደጅ ድንጋይ ተሸክመን ተንበረከክን። ደምሴ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ በር ላይ ቆሟል። አንዱ ሽማግሌ «የእግዜር ቁጣ ሁኖ…» ብሎ ሲጀምር እትዬ ዘውዴ አቋረጡት።

«ቆይ። እሱን ልጠይቀው። ሞላ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ኸመቼ ጀምሮ?»

«ዛፉ ጓሮዎ ቆሞ ሳለ ጀምሮ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ዘውዴ ቀርበው መጀመሪያ የአያ ፈንታውን፣ ከዚያ የእኔን ድንጋይ አነሡ። ድንጋዩን እንደያዙ ነው የተናገሩኝ።

«እኔ እንጨቱ ኸወረደ ልጄ ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ይኸው እንጨቱ ወረደ፤ ልጄ አለ። እኔ የፈራሁት አልሆነም፤ አንተ የፈራኸው ሆነ። እኔ እንጨት ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ልጅ ነው። እንጨት የምታውቀው አንተ አልነበርክም?»

«እንዳላሳዝንዎ ብዬ ነው እትዬ።»

«ለኔ ብለህ? ለኔ አይዶል። ተነሥ፤ ና።»

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከተቆረጠው ጽድ ጉቶ አጠገብ አንድ ሌላ ጽድ ቆሟል፤ አነስ ያለ፣ ያማረ። «በዚያ ፋንታ ይኸን ልስጥ ነው። እየው» አሉ። ዞርኩት። ከዚያው ዘር ነው መሰለኝ፣ ቅርፊቱ ከሥር እስከ ላይ ወደ ግራ ይዞራል። ሽማግሌዎቹ ተከትለውን መጥተው ቆመዋል። ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ነው።

«አይሆንም፣ እትዬ» አልኩ።

«ለምንም?»

«ለምንም ሸክም አይሆንም። ይቁም፤ ጥላ ይሁንዎ።»

እትዬ ዘውዴ ዛፉን አዩ፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«አየህ፣ አልሞትኩም» አሉኝ።

ጉቶው ላይ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ። ደምሴ በግራ እጁ በርጩማ ጎትቶ አምጥቶ ከኋላዬ አስቀመጠልኝ።